በፎጣ ሥር የቀረ ዋጋ

ጅጅጋ አንድ የመጫወቻ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ባለሱቁ አዲስ ካርቶን ሲከፍት የጎማና የቀለም ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። እንደ ልጅነቴ ልቤ ድንግጥ አለ።

ያኔ እኔና ጎረቤቴ ሆዳን ትንንሽ የብረት መኪናዎች እየሰበሰብን ከሰፈሩ ልጆች ጋር እንለዋወጥ ነበር፤ እኔ ከሥሩ አንበሳ የታተመበትን፣ እሷ ኮከብ የታተመበትን። ሁለቱንም በድንበር ከተማዋ በሐርተሼክ በኩል እያስመጡ የሚሸጡልን፣ በሶማሊኛ «አዴር»፣ አጎቴ፣ የምንላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ድሮ የግመል ደላላ ስለነበሩ ዋጋ በአፋቸው አይናገሩም። እጃችንን በፎጣቸው ሸፍነው ጣታችንን ይጨብጣሉ፤ አንድ ጣት አንድ ብር ነው።

አንድ ቀን ነጭ ላንድክሩዘር በሁለቱም ዓይነት መጣ። ሆዳን ቀድማ እጇን ከተተች። ፈገግ ብላ የታጠፈ ብር እዚያው ፎጣው ሥር አቀበለች። የእኔ ተራ ሲደርስ ሦስት ጣቴን ጨበጡ። ብሩስ ነበረኝ። ግን የእሷ ሁለት ቢሆንስ? ኮከብ ከረከሰ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወደ ኮከብ ይዞራል፤ የእኔን አንበሶች ማን ይለውጥልኛል?

«አዴር፣ ለሆዳን ስንት አሏት?»

እጄን ሳይለቁ፣ «ልጄ፣ የሰው ዋጋ ሰው እጅ ውስጥ ይቀራል። አንቺ የራስሽን ጣት ስሚ» አሉኝ።

ከፈልኩ። ሆዳንን መንገድ ላይ ብለምናት ጡጫዋን ጨብጣ ሮጠች። ዛሬም ስንገናኝ ትስቃለች እንጂ አትነግረኝም።

እዚህ ሱቅ ዋጋው በየመኪናው ሥር ተለጥፏል፤ የተሸፈነ ነገር የለም። ለልጄ የመረጥኩትን ይዣለሁ። የእሱን ዋጋ ገና ሳላይ ግን፣ እጄ ከጎኑ ያለውን የሌላ ፋብሪካ መኪና አንስቶ ገለበጠ።