ባሕር የገባ ሽቦ

ጀልባ በደብረ ማርቆስ አስፋልት ላይ ሲሄድ ያየሁት በአንድ የሐምሌ ቅዳሜ ብቻ ነው። ከጅቡቲ ጠረፍ ተነሥቶ ወደ ጣና የሚሄድ ነጭ ጀልባ፣ ፒካፕ በሚጎትተው ዝቅ ያለ ተሳቢ ላይ ተጭኖ መጣና የመኪና ኤሌክትሪክ ከምሠራባት ሱቄ በር ላይ ቆመ። ገበያተኛው ሁሉ ከበበው። “መርከቡን ጮቄ ተራራ ላይ ሊያንሳፍፈው ነው?” እያለ የሚስቀው ብዙ ነበር። እኔ ጀልባውን ትቼ የተሳቢውን ኋላ አየሁ። አንድም መብራት አይሠራም።

እዚህ ላይ ጠባዬን መናገር አለብኝ። ኋላው የጨለመ ተሳቢ ሳይ ደሜ ይፈላል። ታላቅ ወንድሜ የሞተው ከአማኑኤል ከተማ ሲመለስ፣ ጉም ውስጥ፣ መብራት ከሌለው የጭነት መኪና ኋላ ገብቶ ነው። ቀን ነበር፣ ስምንት ሰዓት ገደማ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሹፌር መብራቱን “ነገ እሠራዋለሁ” ቢለኝ እጣላዋለሁ። ደንበኞቼም ይህን ስለሚያውቁ ሌላ ብልሽት ይዘው ሲመጡ እንኳ መጀመሪያ የኋላ መብራታቸውን አብርተው ያሳዩኛል።

የጀልባው ሹፌር በእኔ ዕድሜ የሚሆን፣ ሽርጥ ያገለደመ የድሬ ሰው ነው። “ጉሙ ሳይወርድ ማለፍ አለብኝ፤ ቶሎ በልልኝ” አለኝ። ተሳቢው ጀልባውን የጫነው ባሕር ውስጥ ገብቶ እንደሆነና መብራቱ እምቢ ያለው ከዚያ ወዲህ መሆኑንም ነገረኝ። በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የሚወርድበት አገር ሰው ነኝና ውሃ ምን ያመጣል ብዬ? የረጠበውን ታደርቃለህ፣ ትቋጥራለህ፣ በናስትሮ ትጠቀልላለህ፣ አለቀ። ያንኑ አደረግሁ። የኔጌቲቩን ሽቦም እንደ ልማዳችን ከተሳቢው ብረት ላይ አሰርሁት። ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ሁለቱም ቀይ መብራቶች በሩ። ገበያተኛው አጨበጨበልኝ፤ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ሞተር ሲያስነሣ አንዱ ጠፋ። አምፑሉን ቀየርሁ፣ በራ። ፍሬቻ ሲያሳይ ሁለቱም ጠፉ። ተናድጄ ተሳቢውን በእርግጫ ብመታው መልሰው በሩ። ያጨበጨበልኝ ሰው አሁን ይስቅብኝ ጀመር። ላብ በጀርባዬ ወረደ። ከጮቄ በኩል ያለው ሰማይም ነጭ ሆኖ ወደ እኛ እየቀረበ ነበር።

በዚህ መሐል የአንድ ሽማግሌ ገበሬ በቅሎ አንገቷን ዘርግታ የተሳቢውን ብረት ትልስ ጀመር።

“ያንሡልኝ እቴ ይቺን በቅሎ!” ብዬ ጮህሁ።

ሽማግሌው ልጓሟን ቢስቡ እምቢ አለች። “ምን ላርጋት ልጄ፣ ጨው አግኝታ! አሞሌ ብሰጣትም እንዲህ አትልስ” አሉኝ።

ብረቱን በጣቴ አሽቼ ቀመስሁ። ጨው ነው። ፒንሳዬን አንሥቼ ከቋጠርሁት ቦታ አንድ ክንድ ራቅ ብዬ ሽቦውን ላጥሁት። መዳቡ ጠቁሮ አረንጓዴ ዱቄት አውጥቷል። ወደ ፊት ሄጄ ሌላ ቦታ ላጥሁ፤ ያው ነው። የባሕሩ ውሃ ከደረቀ ቆይቷል፤ ጨዉ ግን ሽቦው ውስጥ ቀርቶ እየበላው ነበር። ኔጌቲቩን ያሰርሁበት ብረትም ከቀለሙ ሥር ዝጎ ቅርፊት ሆኗል። አፈርሁ። እኔ፣ በመብራት ከሰው ሁሉ የምጣላው፣ መንገድ ላይ የሚጠፋ መብራት ሠርቼ ልሸኘው ነበር።

“ተሳስቻለሁ” አልሁት ሹፌሩን። “ሽቦው ጠቅላላ መውጣት አለበት። ሁለት ሰዓት ስጠኝ።”

“አሁን ይበራል አይደል?”

“ይበራል። ከከተማ ሳትወጣ ይጠፋል።”

“ወላሂ ሁለት ሰዓት የለኝም። የፊቴን እኔ አያለሁ፤ ከኋላ የሚመጣው ዓይኑን ይክፈት!” ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

የወንድሜን ዓይን በእጄ የከደንሁት እኔ ነኝ። ምንም ሳላስብ ተሳቢው ሥር ገብቼ ከጎማው ፊት ተጋደምሁና ዋናውን ሽቦ በፒንሳ ቆረጥሁት።

“ውጣ!” አለ ሹፌሩ በመስኮት። “ውጣ ብዬሃለሁ!”

“ከፈለግህ ንዳው!”

ሰው ይንጫጫ ጀመር። ሞተሩ አልጠፋም፤ ንዝረቱ በአስፋልቱ በኩል ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። በጣም ፈራሁ። እግሩን ከፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ ቢያነሣ ጎማው በደረቴ ያልፋል። ቀና ስል ሽማግሌው በቅሏቸውን እየጎተቱ ፒካፑ ፊት ሲያቆሟት አየሁ። ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ጥቂት ቆይቶ ሞተሩ ጠፋ።

አሮጌውን ሽቦ ጎትቼ ጣልሁና አዲስ ዘረጋሁ። ኔጌቲቩን ለብረቱ አላመንሁትም፤ ከየመብራቱ እስከ ፒካፑ የራሱን ሽቦ ሰጠሁት። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በስታኞ በየድሁ፣ ውሃ እንዳይገባውም በግራሶ ቅባት ደፈንሁ። ሹፌሩ አጠገቤ ቁጢጥ ብሎ የሚወርደውን ጉም ያያል። ስጨርስ ጉሙ ወርዶ ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ አይታይም።

“እኔ ፍሬኑን እረግጣለሁ” አልሁት። “አንተ ወደ ኋላ ሂድ። ቀዩ እስኪጠፋህ ድረስ እርምጃህን ቁጠር።”

ተቆጥቶ ሄደ። እግሬን ፍሬኑ ላይ አድርጌ ጠበቅሁት። ቆየ። ሲመለስ ጢሙ በጉሙ ርሶ፣ ቁጣው በርዶለት፣ በመስኮቱ በኩል ቆመ።

“እስከ ስልሳ እርምጃ ታየኝ” አለ። “ይህን ያህል ለማን ብለህ ነው፣ ወንድሜ?”

“ለወንድሜ ሃያው እርምጃ እንኳ ይበቃው ነበር” አልሁት።