ሳይፋቅ የተሰረዘው ቃሌ

በየትኛው ዓመት እንደሆነ ቁርጡን አላስታውስም። ልጄ ባሕር ኃይል የገባች ሰሞን ነው ብል ይቀለኛል፤ እሱንም ቢሆን ስጠየቅ ጣቴን ቆጥሬ ነው የምመልሰው። ጊዜው ነው እንጂ የጠፋኝ ሽታው አልጠፋኝም። ባለፈው ሳምንት ዲኬተር ከሐኪም ቤት ወጥቼ ወደ ባቡሩ ሳዘግም በአንድ ድራይ ክሊነር ጓሮ በኩል አለፍኩ። ከግድግዳው ከወጣች ቀጭን ቧንቧ እንፋሎት ቱፍ ቱፍ ይላል። የሞቀ ሱፍ፣ የስታርች፣ ትንሽ ደግሞ የዝገት ሽታ አለው። ቆምኩ። አንድ መንገደኛ ያመመኝ መስሎት "አር ዩ ኦኬ?" አለኝ። ኦኬ ነኝ አልኩት። አላመነኝም መሰለኝ፤ ዞር እያለ እያየኝ ሄደ።

የኔ ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። የምጽፈውም እንደምናገረው ነውና ታገሱኝ።

ዲቪ ደርሶኝ ጆርጂያ፣ ክላርክስተን ስገባ ልጄ ስምንት ዓመቷ ነበር። እናቷ አገር ቤት ሳለን ነው ያረፈችው። ሥራ ያገኘሁት ወደ ዲኬተር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ ድራይ ክሊነር፣ በልብስ ተኳሽነት ነበር። ከሱቁ ኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቦይለር አለ። ውሃውን ያፈላል፤ እንፋሎቱ በቧንቧ እየመጣ የመተኮሻ ማሽኖቹን ያሞቃል። ጠዋት ጠዋት ቦይለሩን የማስነሳው እኔ ነበርኩ። የግፊት መለኪያው፣ የጌጁ ቀስት ልኩ ላይ እስኪደርስ መጠበቅ፣ ከዚያ ቁጥሩን ግድግዳው ላይ በተንጠለጠለው ወረቀት ላይ መጻፍ ነው።

ትምህርት በሌለ ቀን ልጄን የምተውላት ሰው ስላልነበረኝ ይዣት እሄድ ነበር። ቁመቷ ጌጁ ጋ ሲደርስ ንባቡን ለእሷ ሰጠኋት። እሷ ትጠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ቀን በሩ ላይ እንደቆመች "ሰማንያ!" አለችኝ።

"አይተሽ ነው?"

"ሁልጊዜ ሰማንያ ነው እኮ፣ አባዬ።"

"ሁልጊዜ ስንት እንደሚሆን አልጠየቅኩሽም። አሁን ስንት ነው?"

እግሯን እየጎተተች ሄዳ አየች። ሰባ ሁለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳታይ ጠርታ አታውቅም።

በሱቁ መስኮት በኩል ልብስ የሚያስተካክሉ አንዲት ሰፊ ነበሩ። እሳቸውም የኛው አፓርትመንት ሰው ናቸው፤ እኛ ፎቅ፣ እሳቸው ምድር ቤት። ወሎዬ፣ ሳቂታ፣ ቢጫ ሜትር ካንገታቸው የማይለይ። በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ልጄን ወንበር ላይ አቁመው ይለኩና ቁመት፣ ወገብ፣ እጅጌ እያሉ በአረንጓዴ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ተሳስተው የጻፉ እንደሆነ በላጲስ አያጠፉም። አንድ መስመር ያሰምሩበትና ትክክለኛውን ከጎኑ ጽፈው የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደል ያኖሩበታል።

"ለምን አያጠፉትም?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ኋላ ልብሱ ሲጠብ የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ በምን ልወቀው?" አሉኝ፣ መርፌውን ከከንፈራቸው ሳያወጡ።

ልጄ ስቶን ማውንቴን ሃይስኩል የጨረሰች ዓመት የባሕር ኃይል መልማይ ፈተና ሰጣት። ውጤቷ ከፍ ብሎ ኖሮ ለኒውክሌር ትሆኛለሽ አላት። እኔ ቃሉን ስሰማ ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ ወረቀት አወጣችና ሳለችልኝ። እሳቱ እዚህ ነው፤ ውሃውን ያሞቃል፤ እንፋሎቱ ተርባይኑን ያዞራል፤ ተርባይኑ መርከቡን ይነዳል።

"አባዬ፣ ያንተው ቦይለር ነው። የሚለየው እሳቱ ብቻ ነው።"

"አንቺስ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?"

ሙያው ሦስት ዓይነት ነው አለችኝ። ኤሌክትሪሽያን አለ፣ ኤሌክትሮኒክስ አለ፣ መካኒክ አለ። እሷ መካኒክ ናት። ፓምፑን፣ ቧንቧውን፣ እንፋሎቱን ትጠብቃለች። "እና፣ ላይክ፣ በየሰዓቱ ጌጅ አነባለሁ" ብላ ሳቀች። ስድስት ዓመት ፈረመች። ስትሄድ ሰፊዋ አንድ የማላውቀውን ዱዓ በጆሮዋ አደረሱላት፤ እኔ ደግሞ በመስቀል አማተብኩባት። ቦርሳዋን ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው።

የወታደርነቱን ሥልጠና ጨርሳ ሳውዝ ካሮላይና ወዳለው የኒውክሌር ትምህርት ቤት ስትዛወር በየእሁዱ ትደውልልኝ ነበር። የምትደውለው ከውጭ ቆማ ነው፤ ስልክ ወደ ሕንጻው አይገባም። ምን ተማርሽ ስላት አይነገርም ትለኛለች። ደብተርሽን ይዘሽ ወጥተሽ ማታ አጥኚ ስላት ደብተሩም ከዚያ አይወጣም ትለኛለች። ከክፍል በኋላ ተመልሰው እዚያው ገብተው ነው የሚያጠኑት። ለሥራው ደግሞ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል። ሰውየው ማነው፣ የት አደገ፣ ማን ያውቀዋል ተብሎ ይጣራል። ይህን ነግራኝ ነበር። እኔ አልሰማኋትም እንጂ ነግራኛለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በር ተንኳኳ። ሸንቃጣ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ማህደር በብብቷ፣ የመንግሥት መታወቂያዋን አሳየችኝ። የልጄን ስም ጠርታ ስለ እሷ ልትጠይቀኝ እንደመጣች በጣም በትሕትና ነገረችኝ። ማህደር ይዞ ስለ ወጣት በትሕትና የሚጠይቅ ሰው ሳይ በሬን መዝጋት ያምረኛል፤ ድሮም ነው። ከዚያ በኋላ ያወራው አፌ ነው።

"እዚህ አትኖርም" አልኳት።

"መቼ ነው ያገኟት?"

"ቆየ። አንነጋገርም።"

"ጓደኞቿን ያውቃሉ?"

"ስለ እሷ የማውቀው ነገር የለም።"

ጻፈች። አመሰገነችኝ። ካርዷን ሰጥታኝ ደረጃውን ወረደች። ታች ሰፊዋ ምንጣፍ እያራገፉ ነበር፤ ደጁ ክፍት ስለነበር ያልኩትን ሁሉ ሰምተዋል። ልጄ በፎርሟ ላይ "ከልጅነቴ ታውቀኛለች" ብላ ያስመዘገበቻቸው እሳቸውን ነው። ሴትዮዋ ስትጠይቃቸው ቀና አሉና "እኔ ለሰፈሩ አዲስ ነኝ፤ እንዲህ ያለች ልጅ አላውቅም" አሏት። አሥራ አንድ ዓመት ከኖሩበት ቤት ደጅ ላይ ቆመው።

ሴትዮዋ መኪናዋን አስነስታ ስትሄድ እሳቸው ወደ ላይ አዩኝ፤ እኔ ወደ ታች አየኋቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ደስ ብሎን ነበር የዋልነው። ልጅቷን ያተረፍናት መስሎን። እኔ ካርዱን ቀድጄ ጣልኩት።

ሳምንታት አለፉ። አንድ እሁድ ልጄ ስትደውል ድምጿ ቀጥ ያለ፣ ደረቅ ነበር።

"አባዬ፣ አንዲት ሴትዮ አልመጣችም?"

መጥታለች አልኳት።

"ምን አልካት?"

ነገርኳት። ከበስተኋላዋ የባሕር ወፎች ይጮሃሉ።

"እኔ በፎርሙ ላይ ከአባቴ ጋር ነው ያደግኩት፣ በየሳምንቱ እናወራለን ብዬ ጽፌያለሁ። አሁን ውሸታሟ እኔ ሆንኩ። ጉዳዬ እስኪጣራ ሆልድ ላይ አድርገውኛል። የክፍሌ ልጆች ገብተው ይማራሉ፣ እኔ ኮሪደር እጠርጋለሁ።"

"ያባርሩሻል?"

"አላውቅም። እዚህ ገና ስንገባ የነገሩን አንድ ነገር ነው። የተሳሳተ ቁጥር ብትጽፍ አንድ መስመር አስምረህበት፣ ትክክሉን ጽፈህ ትፈርማለህ። ማንም አይቆጣህም። ያላየኸውን ቁጥር ከጻፍክ ግን ወደ ቤትህ ነው።" ቀጥላ "የታችኛው ቤት ደብተር ማለት ነው፣ አባዬ" አለች።

በማግስቱ ሥራ ስገባ ቦይለሩን አስነስቼ ፊቱ ቆምኩ። ጌጁን አየዋለሁ፣ ቁጥሩ አይገባኝም። ሰፊዋ መጥተው ፊቴን አዩ። የሆነውን ስነግራቸው ጭናቸውን መቱ።

"አባትየው ልጁን ሲክድ እኔ ምን ልሁን? በእርስዎ ላይ ላሳብቅ ኖሯል?" አሉኝ። ቀጥለው የቁልፍ ጣሳቸውን ከፍተው ከአዝራሮቹ መሀል አንድ ካርድ አወጡ። የሴትዮዋ ካርድ ነው፤ ለእሳቸውም ሰጥታቸው ኖሯል።

"አልጣሉትም?"

"ወረቀት አልጥልም። ደውሉ።"

"እንግሊዝኛዬ…"

"እሷን ሲክዱ እንግሊዝኛ አላነሰዎትም።"

ደወልኩ። ሴትዮዋ በሳምንቱ አጋማሽ፣ ማሽኖቹ ለምሳ ሲቆሙ፣ ሱቁ ድረስ መጣች። ሰፊዋ ወንበራቸውን ሳቡና "እኔ ልቅደም" አሉ። አረንጓዴውን ደብተር ገበታው ላይ ዘረጉ። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው፣ በጣታቸው እየጠቆሙ፣ የስምንት ዓመቷን አሳዩዋት፤ የዘጠኝ ዓመቷን፤ በአሥራ ሦስት ዓመቷ በአንድ ክረምት አራት ጣት ያደገችበትን። "ይህን ቀሚስ ሁለት ጊዜ ነው ቅምቅማቱን የፈታሁት። ዋሽቼሻለሁ። አውቃታለሁ። ከእናቷ ቀጥሎ እኔ ነኝ የማውቃት።" ሴትዮዋ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠች። የተሰረዙት ቁጥሮች ላይ ስትደርስ ቆም እያለች ታይ ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እርስዎስ ለምን አላውቅም አሉኝ?"

ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት። በደርግ ጊዜ፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ፣ አንድ ሰው ደብተር ይዞ ቤታችን መጣ። ትሑት ነበር። ታላቅ ወንድምህ የት ነው አለኝ። እናታችን መዋሸት አላስተማረችንም፤ አክስታችን ቤት ነው አልኩት። መንገዱንም አሳየሁት። ወንድሜ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ይህን ስናገር የሌላ ሰው ታሪክ የማወራ ነበር የሚመስለኝ። ሰፊዋ ብቻ አንገታቸውን ደፍተው ሜትሩን ይጠቀልሉ፣ ይፈቱ ነበር።

ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ቦይለሩ ከኋላ ሲተነፍስ ይሰማል። "ይህን መጻፍ እችላለሁ?" አለችኝ።

"ጻፊው፣ ልጄ። የፊተኛውን ግን እንዳታጠፊው። አንድ መስመር ብቻ አስምሪበት። እኔ እንደተሳሳትኩ ይታይ፤ እሷ እንዳልዋሸች ይታወቅ።"

በእንግሊዝኛዬ ይህን ሁሉ በትክክል ተናግሬው እንደሆነ እንጃ። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች። ስትጨርስ አነበበችልኝና ፈረምኩ።

ምን እንደተባለ፣ ማን እንደወሰነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጄ ኮሪደሩን ስትጠርግ፣ በር ላይ ቆማ የሰው ባጅ ስትፈትሽ ብዙ ቆየች። ክፍሏ ጥሏት አለፈ፤ አብራት ታጠና የነበረችው ጓደኛዋም አለፈች። ከኋላ ከመጡት ጋር ገባች። ይህን ያመጣባት የኔ አፍ ነው፤ አንድ ቀንም አንስታብኝ አታውቅም።

ትምህርቱን ስትጨርስ ሰፊዋና እኔ በመኪናዬ ሳውዝ ካሮላይና ሄድን። ለዚያ ቀን ጃኬት ልስፋልዎ ብለው ለክተውኝ ነበር። ልጄ በነጭ ዩኒፎርም ስትወጣ እሳቸው ከቦርሳቸው ሜትር አውጥተው ፓርኪንጉ መሀል ወገቧን ለኩ።

"ሁለት ጣት ቀንሰሻል! መንግሥት ምግብ አይሰጥሽም እንዴ?"

"እትዬ፣ ፕሊስ፣ አለቃዬ እያየን ነው!"

"ይይ። ያንቺን ልክ ከኔ በላይ አያውቀውም።"

ከዚያ የእውነተኛ ማሽን ልምምዱ መጣ፤ ከዚያ መርከቡ። ስድስት ዓመቷን ጨርሳ አሁን እዚሁ ጆርጂያ አንድ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውስጥ ትሠራለች። ሥራዋ እዚያም ማየትና ያዩትን መጻፍ ነው። አንዳንድ እሁድ ስትመጣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ "ዛሬ ስንት ሆነ፣ አባዬ?" ትለኛለች። የደም ግፊቴን ማለቷ ነው። መሣሪያውን ሳላይ ከመለስኩላት ተነስታ ራሷ ትለካኛለች።

ሰፊዋ ልጄ ባሕር ላይ ሳለች አረፉ። በቀብራቸው ላይ ከወንዶቹ ኋላ ቆምኩ። ከአርባቸው በኋላ ልጃቸው አረንጓዴውን ደብተር አመጣልኝ፤ እናቴ ለእርስዎ ይሰጥ ብላለች አለኝ። ለረጅም ጊዜ አልከፈትኩትም። ያን የድራይ ክሊነር እንፋሎት አሽትቼ የተመለስኩ ዕለት ነው ከመሳቢያ ያወጣሁት።

መጨረሻው ገጽ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። የዚያ ጃኬት ልክ ነው። የትከሻዬ ቁጥር ላይ አንድ መስመር ተሰምሮ ከጎኑ አነስ ያለ ቁጥር ተጽፏል። በዚያ በጭንቀቱ ሰሞን ከስቼ ኖሮ ሁለቴ ነው የለኩኝ፤ ሜትርዎ ነው የላላው ብያቸው ስቀን ነበር። ከትንሿ ቁጥር አጠገብ በእርሳስ አንዲት ፊደል አለች። ዘ።

ዘይነባ ይባሉ ነበር።