«ክፈቺና አሳዪን» ያልኩበት እሁድ

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ነው። ከዚያ ወዲህ በጄኔቫና በዙሪክ መካከል በባቡር ስሄድ የማውቀው ሰው አጠገቤ ባይቀመጥ እመርጣለሁ። በዚያ ቀን የእድራችን ሰዎች ተቆጥተውኝ ቢሆን ኖሮ እስካሁን እረሳው ነበር። እነሱ ግን አበሉኝ።

የእድራችን አባላት በሁለቱ ከተሞች የምንኖር ነን፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለበት። ዳኛችን ጋሽ ሰይድ ይባላሉ፣ እንደኔ የደሴ ሰው ናቸው። ለዓመታት መልእክት የምንለዋወጠው ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት አንድ ነጻ አፕ ነበር። አንድ ቀን የአፑ ባለቤቶች ደንብ ቀየርን አሉና የአባሎቻችን ስምና ስልክ እዚያው ተቆልፎ ቀረ። ሰብለ የመጣችው ያኔ ነው። ዙሪክ፣ አፎልተርን ሰፈር የምትኖር የሶፍትዌር ባለሙያ ናት።

«አፕ ማለት ሳሎኑ ነው» አለችን። «እኔ የምሠራው ጓዳውን ነው፤ መረጃው የሚቀመጥበትን፣ መልእክቱ የሚወጣበትን። እስካሁን ጓዳችሁ የኪራይ ነበር። እኔ ከነቁልፉ ነው የምሰጣችሁ።»

ኮዱን ለማንም ክፍት አድርጋ ትታዋለች። ለሌሎች ማኅበራት አፕ የሚሠሩ ሰዎች ያንኑ ጓዳ ወስደው እንደፈቀዱ ያደራጁታል፤ እሷን እንኳ ማስፈቀድ አይጠበቅባቸውም። ሰው ሁሉ የወደደውን ነገር መጠርጠር የቆየ ልማዴ ቢሆንም ይህን ግን እኔም ወደድኩት።

ያልወደድኩት «ማቆያ» የሚሉትን ነው። የእድሩ ሽማግሌዎች ጠይቀዋት የጨመረችው ነው። የአንድ አባል ዘመድ አገር ቤት ሲሞት ዜናው ለሌላው ሁሉ ይደርሳል፤ ለባለ ሐዘኑ ግን ይቆያል። ሰዎች ማልደው ቤቱ ሄደው መርዶውን ሲነግሩት፣ ጋሽ ሰይድ «ተረድቷል» የሚለውን ይነካሉ፤ መልእክቱ ለእሱም ይለቀቃል።

እኔ ከአገሬ የወጣሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። በስልክ አጭር መልእክት መላላክ ተዘግቶብን የኖርንበትን ጊዜ አልረሳሁም። «ለእናንተ ብለን ነው» እያለ መልእክት የሚያቆይ እጅ ስመለከት ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ለአባላቱ ሁሉ ጻፍኩ። ረጅም አድርጌ፣ ሹል ሹሉን እየመረጥኩ ጻፍኩ። ማቆያው ይነሣ ወይስ ይቀጥል የሚለውን በድምፅ እንድንወስን እሁድ ከሰዓት አፎልተርን ስብሰባ ተጠራ።

እሁድ ጄኔቫ አጠገብ ከምኖርባት ከቨርሷ ተነሥቼ፣ በባቡሩ ውስጥ ንግግሬን ለራሴ ሳነበንብ ዙሪክ ደረስኩ። አዳራሹ የመኖሪያ ሕንፃዎቹ የጋራ ክፍል ነው። ስገባ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። አንድ በአንድ አቅፈው ሳሙኝ፣ ቶሎም አልለቀቁኝም። ጽሑፌ እንዲህ ያስከብረኛል ብዬ አልገመትኩም ነበር። ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቱ ነው ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ተናገርኩ። «ክፍት ነው ትሉናላችሁ፣ ከዚያ መጋረጃ ትሰቅላላችሁ። የኔን ዜና ከኔ በፊት ጎረቤቴ እንዲያውቀው የፈቀደ ማነው? እኛ ሕፃናት ነን?» ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጣች። መከራከሪያ ያጣች መሰለኝ።

ይህ አደፋፈረኝና ወደ ሰብለ ዞርኩ። ላፕቶፗ ፊቷ ተከፍቷል።

«እስቲ አሁን ማቆያውን ክፈቺና አሳዪን። ባዶ ነው አይደል? ለባዶ ሣጥን ነው ዘበኛ ያቆማችሁት!»

ሰብለ ላፕቶፑን ቀስ ብላ ከደነችው።

«ዛሬ ይቅር፣ ጋሼ» አለችኝ።

«ያውላችሁ!» አልኩ፣ እጄን ዘርግቼ። «ክፍት የተባለው ጓዳ ይህ ነው!»

ጋሽ ሰይድ ድምፅ መስጠቱ ለሌላ ቀን ይተላለፍ አሉና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ምግብ ቀረበ። አንዱ ወጥ ያወጣልኛል፣ ሌላው ያጎርሰኛል።

«ጠግቤያለሁ» ብላቸው ጋሽ ሰይድ አልሰሙኝም።

«ብላ ወንድሜ። መንገደኛ ነህ።»

«በክርክር ስትረቱ ነው እንዴ ሰው የምታበሉት?» ብዬ ሳቅሁ። የሳቅሁት ብቻዬን ነበር።

ወደ ጄኔቫ ስመለስ ጋሽ ሰይድ እዚያ ጉዳይ አለኝ ብለው አብረውኝ ተሳፈሩ። ሰብለም እዚያው ጄኔቫ፣ ፕላንፓሌ ሰፈር ጓደኛዋ ዘንድ እንደምታድር ነግራን ተከተለች። መንገዱን ሙሉ ስለ መረጃ ነጻነት ሰበክኋቸው። ሰብለ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ጋሽ ሰይድ «እሱስ ልክ ነህ» እያሉ ጉልበቴን ይነካሉ። ማደሪያ ስለሌላቸው እኔ ዘንድ አደሩ። ደሴ ያለችው ታላቅ እህቴ፣ እታለም እያልኩ የምጠራት፣ ሰሞኑን ታማ ነበርና ከመተኛቴ በፊት ልደውልላት ፈለግሁ። «አሁን እዚያ መሽቷል፣ ሰው አትቀስቅስ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው ብዬ ተውኩት።

ሊነጋጋ ሲል የበሩ ደወል ሲጮህ ነቃሁ። ጋሽ ሰይድ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ የከፈቱትም እሳቸው ናቸው። የጄኔቫ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ሰብለ ከመጨረሻ ገባች።

ጋሽ ሰይድ ትከሻዬን በሁለት እጃቸው ያዙና «እታለም ናት። አብሽር፣ ወንድሜ» አሉኝ።

ከዚያ ያለውን እዚህ አልጽፈውም። ወድቄ እንደነበር፣ የሚይዘኝም እጅ እንዳላጣሁ ብቻ ልበል።

ፀሐይ ስትወጣ ጋሽ ሰይድ መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን ነኩ። ወዲያው የኔ ስልክ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። አወጣሁት። የእታለም ስም ነበር። ከሥሩ መልእክቱ ለሌሎች የተላከበት ሰዓት ተጽፏል፦ እሁድ ጠዋት፣ እኔ በባቡር ላይ ንግግሬን ሳነበንብ።

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። የተነሡልኝ ለዚያ ነው። ሴትዮዋ የወጣችው ለዚያ ነው። ክፈቺና አሳዪን ስላት እህቴ እዚያ ውስጥ ነበረች።

መልእክት የሚያቆይ እጅ ዛሬም አላምንም፤ ሐሳቤን የቀየርኩ የመሰለው ካለ ተሳስቷል። የማፍረው በሐሳቤ አይደለም። ያ ሁሉ ሰው፣ «ሕፃናት ነን?» እያልኩ ስጮህበት፣ ሐዘኔን ይዞልኝ የተቀመጠበት ፊት አይጠፋብኝም። አንዳቸውም እስከ ዛሬ አላነሡብኝም። ቢያነሡብኝ ይቀለኝ ነበር።

ከአርባዋ በኋላ ሰብለ ጓዳዋ ላይ አንድ ነገር ጨመረች። ውሳኔው የሽማግሌዎቹ መሆኑ ቀርቶ ለእያንዳንዱ አባል ሆነ። የጻፍኩትን አንብባ ኖሯል። ጥያቄውን መጀመሪያ የላከችው ለእኔ ነው፦ «መርዶዎ በመልእክት ይድረስዎ ወይስ በሰው?»

«በሰው» የሚለውን ነካሁ፤ ማንም እንዳያየኝ ዞር ዞር ብዬ አይቼ።