ሽበት የሚሸፍን ባርኔጣ

መተማ ዮሐንስ ላይ ሰዓሊው ለይኩን ለሰሊጥ አጫጆች ባርኔጣ ያውሳል፤ አገር ቤት የሚልኩት ምስል ባለሀብት እንዲያስመስላቸው። አንድ ጎጃሜ ጎልማሳ ግን ማጭዱን ከትከሻው ሳያወርድ ሁሉንም እያጠለቀ ይመልሳል።

«ጋሼ፣ ይኼኛው ጌታ አስመስሎዎታል!» አለው ለይኩን።

«ጌትነቱ ይቅርብኝ ልጄ። እናቴ የሸኘችኝ በጥቁር ፀጉሬ ነው። ሽበቴን የሚሸፍን ስጠኝ።»

ለይኩን የሱዳን ነጋዴዎች የሚያስሩትን ነጭ ጥምጥም እስከ ጆሮው ድረስ ጠመጠመለት። ሽበቱ ጠፋ። ሰውዬው መስታወቱን አይቶ ሳቀ።

«እናቴ ይኼንማ ስታይ ‹ልጄ ቀሰሰ› ብላ እልል ትላለች! ኋላ ቀድስ ብትለኝ ምን ይውጠኛል?»

ጥምጥሙን ቀስ ብሎ ፈታና ራሱን በመዳፉ ዳበሰ።

«እንዲሁ ሣለኝ» አለ በመጨረሻ። «እኔም የማስባት በጥቁር ሹሩባዋ ነው። ለካ ሁለታችንም ሸብተናል።»