ሁለት ንጉሥ የጣልኩ ቀን

ፖከር ያስተማሩኝ ጄኔቭ፣ ኦ ቪቭ የሚባል ሰፈር ውስጥ የማስታምማቸው የነበሩ የአንድ ዲፕሎማት እናት ናቸው። ልጃቸው ቀኑን ሙሉ ስብሰባ ላይ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ብቻቸውን ካርታ መደርደር ሰልችቷቸው ነበር። ድስቴን እስካወጣ እንኳን አይታገሡኝም። ውድድር ላይ የመጀመሪያው ሰዓት የመቆያ ሰዓት ነው ይሉኝ ነበር። ሁሉም በገንዘብ ፈንታ የሚያስይዘውን እኩል ጠጠር ይዞ ይጀምራል፣ በየተራ የሚወጣው የግድ መዋጮ ገና ትንሽ ነው፣ ስለዚህ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ደህና ካርታ ካልመጣልሽ ጣይው፤ ሰዎቹን ግን ልብ ብለሽ እያቸው። እኔም በልቤ፣ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» በፈረንሳይኛም አለ ለካ እላለሁ።

ሴትየዋ ካረፉ በኋላ ልጃቸው ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። እኔ ከከተማው ዳር፣ ቬርኒየ፣ ከትልልቆቹ ሕንፃዎች በአንዱ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የትምህርት ቤት ጽዳት ገባሁ። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ነው የምገባው፤ ውዬ አድሬ ከሰው ጋር የማላወራበት ጊዜ ብዙ ነው። ብቸኝነት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። ካርታው ናፈቀኝ። ከካርታው ይበልጥ ደግሞ ጠረጴዛ ከበው ከተቀመጡ ሰዎች አንዷ መሆን ናፈቀኝ።

ጄኔቭ ውስጥ ግን እንዴት ተደርጎ! «ቁማርተኛ ናት» የሚል ወሬ ከሀበሻው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከተነሣ ከእኔ ቀድሞ ትራም ላይ ይወጣል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና የመጨረሻዋ ሰሚ እኔ ነኝ። ስለዚህ አንዳንድ ቅዳሜ አገሩን በባቡር አቋርጬ ዙሪክ እሄዳለሁ። ከባቡር ጣቢያው፣ ከባንሆፉ ብዙ ሳይርቅ፣ ከአንድ ምግብ ቤት ጀርባ ባለ አዳራሽ፣ ከሰዓት በኋላ ውድድር አለ።

እዚያም የምጫወተው ለመቆየት ነው። ካርታ ይመጣል፣ እጥላለሁ። ሌላ ይመጣል፣ እሱንም እጥላለሁ። ጠጠሩ ያለቀበት ኮቱን አንሥቶ ይሄዳል፤ ያላለቀበት ከሰው ጋር ይቀመጣል። ዋንጫውን ለፈለገው ይስጡት።

አንድ ቅዳሜ ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ አንድ ሽማግሌ ገቡ። መጀመሪያው ላይ ዘግይቶ መግባት ይፈቀዳል። ቀና ስል ሀበሻ ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ከጎኔ ያለውን ወንበር ሲስቡ እኔ ሳላስበው ተነሥቼ ቆሜያለሁ።

«ኖር!» አልኩ።

«በእግዜር!» አሉ፣ እንድቀመጥ በእጃቸው እየለመኑኝ።

ስነሣ የያዝኩት ካርታ ከእጄ ወድቆ ጠረጴዛው ላይ ተገለጠ። ካርታ የምታድለዋ ሴት ካርታዬን ሰብስባ ወሰደችና ሁለታችንንም ገሠጸችን። ካርታ በሰው እጅ እያለ ከጀርመንኛ ሌላ አይነገርም፤ ተመካከራችሁ ይባላል። አንገታችንን ደፍተን ተቀመጥን።

እኔ ግን ደስታዬን አልቻልኩትም። ከቅዳሴ በኋላ ሰላም የምላቸው ሰዎች አሉ፤ የምደብቃቸው ጉድ ስላለኝ ግን ሁልጊዜ ተጣድፌ ነው የምለያቸው። እኚህ ሰው እዚያው ጉዴ ውስጥ መጥተው ተቀመጡ። ምንም የማልደብቀው ሀበሻ አገኘሁ ማለት ነው። እረፍት እስኪደርስ ሁለታችንም ሳንወድቅ ከቆየን ወጥተን እናወራለን።

በሚቀጥለው ዙር ሁለት ንጉሥ ደረሰኝ። በእጅ የሚያዘው ሁለት ካርታ ነው፤ ከሁለት ንጉሥ የሚበልጥ ጥንድ አንድ ብቻ ነው። ተራቸው ሲደርስ ሽማግሌው ጠጠራቸውን በሙሉ ወደ መሀል ገፉት። ሌላው ሁሉ ጣለ፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። ብከተላቸው ከሁለት አንዳችን ያኔውኑ ከጠረጴዛው እንነሣለን። ሁለት ንጉሥ ማንም አይጥልም። እኔ ጣልኩ።

እረፍት ሲሆን በሩ ላይ ደረስኩባቸው።

«ጋሼ፣ ከየት ነዎት?»

«እዚሁ ዙሪክ አጠገብ፣ ከኡስተር» አሉ፣ መንገዱን እያዩ። «ቅድም ምን ይዘሽ ነው የጣልሽው?»

«ሁለት ንጉሥ።»

«በስመ አብ! ሁለት ንጉሥ ይጣላል? እኔ እኮ ካርታዬን ጭራሽ አላየሁትም።»

«ታዲያ ለምን ሁሉንም ገፉት?»

«አትቀየሚኝ ልጄ። ሀበሻ ሳይ ደነገጥኩ። እዚህ መምጣት የጀመርኩት ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ነው፤ ልጆቼም ማኅበርተኞቼም አያውቁም። ተሸንፌ በወግ ልውጣ ብዬ ነበር። አንቺ ደግሞ አላስወጣ አልሽኝ።»

«እኔም እኮ ተደብቄ ነው የመጣሁት። ከጄኔቭ ድረስ!»

«እንግዲያውስ ተግባባን» አሉ ባርኔጣቸውን እየደፉ። «እኔ አላየሁሽም፣ አንቺም አላየሽኝም።»

«ሻይ እንኳን እንጠጣ?»

«ሌላ ጊዜ፣ ሌላ ጊዜ» አሉኝ፤ ይህን ሲሉ እግራቸው ወደ ባንሆፉ ጀምሯል።

ስመለስ ጠጠራቸው እንደተደረደረ ነው። ተጫዋች ጥሎ ቢሄድም ጠጠሩ አይነሣም። አዳይዋ ተራው ሲደርስ ካርታ ታስቀምጥለታለች፣ መዋጮውን ታነሣለታለች፣ ካርታውን መልሳ ትሰበስባለች። ስንት ሰው ወደቀ፤ ወንበሩ ግን ማንንም ሳይነካ፣ ማንም ሳይነካው ቆየ። ጎበዝ ተጫዋች ነው፤ ከእኔ አይለይም።

የሚቀጥለው ካርታ ሲመጣልኝ አላየሁትም። ያለኝን ጠጠር በሁለት እጄ ወደ መሀል ገፋሁት። አንዱ ተከተለኝ። ካርታው ሲገለጥ አሸናፊዋ እኔ ሆንኩ። ጠረጴዛው አጨበጨበልኝ፤ አንድ የማላውቀው ሰው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። አፌ በአማርኛ ተከፈተና ወደ ጎኔ ዞርኩ። አዳይዋ ከባዶው ወንበር ፊት መዋጮውን እያነሣች ነበር።