በሌላ ሰው ማልያ

ግብ ጠባቂ ሁለት ዓይነት ነው፤ ግብ የሚጠብቅና ወንበር የሚጠብቅ። እሱ ሁለተኛው ነበር። የቡድን ጓደኞቹም ይህን አይተው «ወንበር ጠባቂው» የሚል ስም አወጡለት፤ ስሙም ተጣብቆበት ቀረ። አልተቀየማቸውም። ቀልድ የማያውቅ ሰው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ መቀመጥ አይችልም።

በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከፊቱ የነበረው ግብ ጠባቂ «ግድግዳው» ይባላል። ግድግዳው አይታመም፣ አይቀጣ። ጉንፋን እንኳ የሚይዘው ውድድሩ ካለቀ በኋላ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ጠልቶት በተገላገለ፤ ግን ደግና ሳቂታ ነውና ወንበር ጠባቂው ከልቡ ይወደው ነበር። ከጨዋታ በፊት ኳስ እየመታ የሚያሟሙቀው እሱ ነው። የትኛው አጥቂ በየትኛው እግሩ ወዴት መምታት እንደሚወድም አጥንቶ ይነግረዋል። ከብዙ ማየት የተነሳ የግድግዳው አቋቋም፣ አረማመዱ፣ ኳስ ከያዘ በኋላ አንገቱን ሰበር የሚያደርጋት ነገር ሳይቀር ሳያስበው ተጋባበት። ልምምድ ላይ ከሩቅ ያያቸው ሰው ያምታታቸው ነበር።

ይህም ቢሆን ይቻላል። ያልተቻለው የእናቱ ነገር ነው።

እናቱ ስኳር በሽታ ዐይኗን አድክሞት ከጥላ በቀር የምታየው የለም። ዓለሟ አልጋዋ አጠገብ ያለው ራዲዮ ነበር። የልጇ ቡድን በሚጫወትበት እሁድ ልብስ ሰፊዋ እህቱ የስፌት መኪናዋን እንድታቆም ታደርጋትና ጆሮዋን ቀስራ ትጠብቃለች። ጨዋታውን የሚያስተላልፉት ሽማግሌ ጋዜጠኛ መጀመሪያ የአሥራ አንዱን ተጫዋቾች ስም ይጠራሉ። የተጠባባቂዎቹን አይጠሩም። ለምን እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ። እናቱ «በግብ ጠባቂነት ግድግዳው» ሲባል ትሰማና በረጅሙ ትተነፍሳለች። ቢሆንም አትዘጋውም፤ ኋላ ቢቀይሩትስ ብላ አንዲት ነገር የማይገባትን ጨዋታ እስከ መጨረሻው ታዳምጣለች።

«ዛሬም አላስገቡህም?» ትለዋለች ማታ ሲመጣ።

«ዛሬም፣ እማዬ።»

«ይሁና። ጤና ይስጥህ እንጂ ቀኑ ይመጣል።»

በሁለተኛው ዓመት አንድ እሁድ ግን አንጀቱ አልችል አለውና ዐይኑን በጨው አጥቦ ዋሻት። «መጨረሻ ላይ ገብቼ ነበር እኮ፤ ሁለት ኳስ አዳንኩ» አላት። እናቱ በዳበሳ እጁን ፈልጋ ያዘችው። «እስኪያልቅ ድረስ ሰምቻለሁ ልጄ። ለእኔ ብለህ አትዋሽ። አለመጫወትህ እኔን አያሳፍረኝም» አለችው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ዳግመኛ ላይዋሻት ለራሱ ማለ፤ መሐላውንም አላፈረሰም። የነገሩ ሁሉ ክፋት ግን ከዚህች ቀን ይጀምራል።

በዘጠነኛው ዓመት ኩላሊቷም ደከመ። ሐኪሙ እሱንና እህቱን ለብቻቸው ጠርቶ፣ ከእንግዲህ የቀራት ጥቂት ሳምንት መሆኑን ነገራቸው። ከዚያን ቀን ወዲያ ወንበር ጠባቂው የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እናቱ ሳትሞት ስሙን ከራዲዮው እንድትሰማ። በዕድሜው አንድ ነገር ለምኖ የማያውቅ ሰው አሰልጣኙ ቢሮ ገብቶ ለመነ።

አሰልጣኙ አንገታቸውን ደፉ። «ግድግዳው በደህና ጤናው ላይ እያለ? አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን ታደርገዋለህ?»

«አላደርገውም» አለ እውነቱን። አመስግኖም ወጣ።

የሚቀጥለው ጨዋታ ከሜዳቸው ውጪ፣ የቀን መንገድ በሚያስኬድ ከተማ ነበር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ሲያሟሙቀው፣ ወንበር ጠባቂው ራሱ የመታትን ተራ ኳስ ለመያዝ ግድግዳው ዘለለ፤ ጭቃው አንሸራተተውና ትከሻው ወለቀ። ወንበር ጠባቂው ሮጦ ሄዶ አጠገቡ ተንበረከከ። ይቅርታ ሊለው አፉን ሲከፍት፣ ግድግዳው ከሕመሙ ጋር እየታገለ «ምን ትጠብቃለህ? ግባ እንጂ! እናትህ እየሰሙ ነው» አለው።

ሊገባ ተነሳ። ግን ጣጣው አላለቀም። የእሱ ማልያ አረንጓዴ ነው፤ ተጋጣሚዎቹም አረንጓዴ ለብሰዋል። ዳኛው «በዚህ አትገባም» አሉት። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ የነበረው የግድግዳው ቢጫ ማልያ ብቻ ነው። ጊዜ የለም፤ አጠለቀው። በዚያ ግርግር ለራዲዮ ሰዎች መንገር እንዳለበት ያስታወሰ አንድም ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ጋዜጠኛ ደግሞ ከሜዳው ማዶ ካለ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ጃንጥላ ሥር ቁጭ ብለው፣ ቀድሞ የተሰጣቸውን ስም አንብበው ጨርሰዋል። የሚያዩት ቢጫ ማልያ ነው። አንገቱን ሰበር የሚያደርገውም ያው የሚያውቁት ሰው ነው።

ወንበር ጠባቂው ያን ቀን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን ሁሉ ተጫወተ። ቡድኑ አንድ ለባዶ እየመራ፣ ሊያልቅ ሲል ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠባቸው። የመቺውን ነገር ያውቀዋል። ወደ ግራ ተወረወረ፤ ኳሷ ትንሿን ጣቱን ወደ ኋላ ቀልብሳ፣ ቋሚውን ነክታ ወጣች። ጓደኞቹ ላዩ ላይ ተከመሩበት። ከሥራቸው ሆኖ «አሁን ሰምታለች፤ አሁን ሰምታለች» ይል ነበር። ሲመለሱ በአውቶቡሱ መስኮት ጨለማውን እያየ ብቻውን ሲስቅ አመሸ።

ጠዋት ቤት ሲደርስ በሩን የከፈተችለት እህቱ ናት። «ያ ግድግዳው እንዴት ያለ ጉድ ነው!» አለችው።

እናቱ ድምፁን ሰምታ ከአልጋዋ ቀና አለች። «መጣህ? ሰማሁ እኮ! ፍፁም ቅጣት ምት አዳነ አይደል? አንተም ደስ ይበልህ፤ ጓደኛህ ነው።»

«እማዬ፣ እኔ ነበርኩ።»

«ልጄ» አለች በጣም በቀስታ፣ «ያኔ ምን ብዬህ ነበር?»

የትከሻውን ነገር፣ የዳኛውን፣ የማልያውን ነገር አንድ ሳያስቀር ነገራት። ሲናገር ለራሱም የፈጠራ ወሬ መሰለው። እህቱ አምናው እያለቀሰች ወጣች። እናቱ ግን እጁን ዳበሰችና ያበጠችውን ትንሿን ጣት አገኘች። «ይቺ ደግሞ ምን ሆነች?»

«ያቺን ኳስ ሳድን ነዋ!»

«ሳያጫውቱህ እንኳ በልምምድ ይሰባብሩሃል» አለችና፣ ሕፃን ሳለ እንደምታደርገው ጣቱን እፍ አለችለት። ከዚህ በላይ መከራከር አቃተው።

ማክሰኞ ጋዜጠኛውን ቢሯቸው ድረስ ሄዶ አገኛቸው። ጉዳዩን ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ወይኔ! ምን ሠራሁ? ተነስ፤ አሁኑኑ እናትህ ዘንድ እንሂድና ልንገራቸው» አሉ።

«እርስዎ ቢመጡ ለምኜ ያመጣሁዎት ይመስላታል። ጓደኞቼም ልምጣ ቢሉ ያው ነው። እሷ የምታምነው ራዲዮውን ብቻ ነው።»

«እኔ ማይክሮፎን የማገኘው እሁድ ነው። እሁድ ገና አፌን ስከፍት፣ ስምህን ከነአባትህ ጠርቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሲመለስ ለራዲዮው አዲስ ባትሪ ገዛ። «እሁድ ከራዲዮው ትሰሚያለሽ» አላት። «እሺ፣ እሁድ እንሰማለን» አለች፤ አባብሎ ለማስተኛት ለሕፃን እንደሚባለው ያለ እሺ ነበር። እሱ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከአጠገቧ አልራቀም። ልምምድ ሲሄድም ልቡ ከእሷ ጋር ነው። ሐሙስ ምግብ እንቢ አለች፤ ዓርብ ትንፋሿ አጠረ። «እማዬ፣ እሁድ እኮ ደረሰ» ይላታል፤ እጁን ጨበጥ ታደርገዋለች።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ሞተች። የዚያኑ ዕለት ተቀበረች።

እሁድ ቤቱ በሐዘንተኛ ተሞልቶ ዋለ። አክስቱ ራዲዮው ላይ ነጠላ ጣል አድርጋበታለች። የጨዋታው ሰዓት ሲደርስ ማንም ሳይነግረው ታወቀው። ብድግ አለና ነጠላውን ገለጠ።

«ምን ነካህ?» አለች አክስቱ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እናትህን ትናንት አፈር አልብሰህ ዛሬ ኳስ? ሰው ምን ይላል?»

ሊያስረዳት ፈለገ። ከየት ይጀምር? ያን ሁሉ ሰው ፊት ለፊቱ አየ፣ አዲሶቹን ባትሪዎች አሰበ። ነጠላውን መልሶ አለበሰውና ቦታው ሄዶ ተቀመጠ።

ወደ ማታ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ከአጠገቡ ተቀምጦ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ሱቄ ውስጥ ራዲዮ ከፍቼ ነበር። ያ ጋዜጠኛ ስምህን ከነአባትህ ጠራ፤ ያዳንካቸውን ኳሶች አንድ በአንድ ተናገረ። በመጨረሻም ‹እናቱ ይስሙልኝ› አለ። መሞታቸውን አላወቀም ማለት ነው።»

ወንበር ጠባቂው ያን ጊዜ አለቀሰ። ቀብሩ ላይ ያልወጣው እንባ ሁሉ ወጣ።

የግድግዳው ትከሻ ያን ዓመት አልዳነም። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወንበር ጠባቂው በራሱ ስምና በራሱ ማልያ በግቡ ቋሚዎች መካከል ቆመ። ሽማግሌው ጋዜጠኛም ከአሥራ አንዱ አስከትለው የተጠባባቂዎቹን ስም አንድ በአንድ ጠሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስም አልተዉትም። እህቱ ራዲዮውን ከባዶው አልጋ አጠገብ ከፍታ ብቻዋን አዳመጠች።

ማታ ቤት ሲገባ እግሩ እንደ ልማዱ ወደ እናቱ ክፍል ወሰደው። ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆመ። የሚጠብቀው ምን እንደሆነ የገባው ቆይቶ ነው፤ «ዛሬም አላስገቡህም?» እንድትለው ነበር። እህቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችው።

«ዛሬ ገባሁ፣ እማዬ» አለና በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።