ስለት የሌለበት የጣና ጉዞ

ሥራ የጀመርኩት በ2006 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ቢሮው አምቦ መናኸሪያ አጠገብ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ውስጧ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የአገር ካርታ ነበር። ከዚያ በፊት ዕድሜዬን ሙሉ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። ጡረታ ወጥቼ ጥቂት ወራት ቤት ተቀመጥኩና ሰለቸኝ።

የቢሮው ባለቤት ኦቦ ለሜሳ ይባላል። በዕድሜ ታናሼ ነው። ሁለት ኮስተር አውቶቡስ ነበሩት፤ በኮንትራት ያከራያቸዋል። በመጀመሪያው ቀን ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ ሥራውን አስረዳኝ።

«እትዬ ወርቅነሽ፣ ነገሩ ቀላል ነው። የአምቦ ሰው መኪና የሚኮናተረው ለሦስት ነገር ነው፤ ለሰርግ፣ ለለቅሶ፣ ለንግሥ። ሲደወል የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። የቀረው ራሱ ይመጣል።»

«አራተኛ የለም?»

«አራተኛ የለም።»

በወረቀት ላይ ሹመቴ «የጉዞ አስተባባሪ» ይል ነበር። በተግባር ስልክ አነሳ ነበር። ጉዞ ላይ አለቃው ሹፌሩ ነው፤ ከሹፌሩ ቀጥሎ ረዳቱ። አስተባባሪ የሚባለው ሰው ከኋላ ተቀምጦ የሚያስመልሳቸውን ሰዎች ሎሚ ያስሸትታል።

ከአንድ የንግሥ ጉዞ ስንመለስ አንድ ነገር አየሁ። ሴቶቹ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልጠጡም። ሹፌር የሚያቆመው ሜዳ ላይ ነው፤ ወንዶቹ ወርደው ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ሴቶቹ መኪናው ውስጥ ይጠብቃሉ። ስለዚህ አይጠጡም። ከዚያ ቀን በኋላ ሹፌሩን ታደሰን ያዝኩት። ሽንት ቤት ያላቸውን ምግብ ቤቶች በየመንገዱ መረጥኩና «የምትቆመው እዚህ፣ እዚህና እዚህ ነው» አልኩት። አጉረመረመ። ግን ቆመ። በዚህ ሥራ መጀመሪያ የተደመጠልኝ ትእዛዝ እሱ ነው።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ መስከረም አጋማሽ ላይ፣ አዴ አየለች ከጉደር መጣች። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት፤ ከድሮ የምንተዋወቅ ነን። ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ ጀመረች።

«መኪና እፈልጋለሁ።»

«ሰርግ ነው?»

«አይደለም።»

«ለቅሶ እንዳይሆን ብቻ።»

«ኧረ ማንም አልሞተብኝም።»

«እሺ፣ የየት ንግሥ ነው?»

«ንግሥም አይደለም። ጀልባ ላይ መውጣት ነው የምንፈልገው።»

«ጸበል አለው እንዴ?»

«ወርቄ፣ ስልኩ ጆሮሽን አበላሸው መሰለኝ። ጀልባ ነው ያልኩሽ። ውሃ ላይ። ዝም ብሎ።»

ከዚያ ተቀመጠች። መሄድ የፈለጉት አሥራ ሁለት ሴቶች ናቸው። ለብዙ ዘመን የሰው ሰርግ ሲሆን ወጥ ቤት የሚቆሙት፣ የሰው ለቅሶ ሲሆን ድስት የሚጥዱት እነሱ ነበሩ። «ሁልጊዜ ቆሜ ነው የኖርኩት። አንድ ጊዜ ተቀምጬ የሆነ ነገር ልይ» አለች። ምን እንደምትፈልግ ጠየቅኋት።

«ዳርቻው የማይታይ ውሃ።»

ደንዲ ቅርብ እንደሆነ፣ እዚያም ሐይቅ እንዳለ ነገርኳት።

«አየሁት። ቆመሽ ማዶ ያለውን በሬ ቀንዱን ታይዋለሽ። እሱ ሐይቅ ሳይሆን ጎረቤት ነው።»

ስለዚህ ጣና ሆነ። ጊዜው ጥቅምት፤ ዝናቡ አብቅቶ መስኩ ገና አበባ ሳለ። የጽጌን ጾም የሚጾሙ ስላሉባቸው ስንቁ በሙሉ የጾም እንዲሆን ተስማማን።

እኔም ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም። የማውቀው አውቶቡስ ነው፤ ጉዞውንም እንደ አውቶቡስ አዘጋጀሁት። ባሕር ዳር ላለው ባለጀልባ ደወልኩ። ካፒቴን ነው የሚሉት። መናኸሪያው የት እንደሆነ፣ ወንበሩ ቁጥር እንዳለው፣ ረዳት ይኖረው እንደሆነ ጠየቅሁት። በየጥያቄው መካከል ዝም ይል ነበር። በመጨረሻ «ጭነት ጣሪያው ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ይወጣል?» አልኩት። «ይወጣል እንጂ፣ እማማ» አለ። እየሳቀብኝ እንደነበረ የገባኝ ኋላ ነው።

ኦቦ ለሜሳ ነገሩን ሲሰማ ካርታው ሥር ቆሞ ራሱን አከከ።

«ሰባኪ ይጨመርበት። መኪናው ላይ ‹መንፈሳዊ ጉዞ› የሚል ጨርቅ እንለጥፍና ባዶውን ወንበር በተሳላሚ እንሙላው።»

«ኮንትራት ነው የያዙት። ባዶው ወንበርም የነሱ ነው።»

«ሰው ምን ይላል፣ እትዬ? አሮጊቶች ሊዝናኑ ሄዱ ይባላል እኮ!»

«ይባል።»

«ስለት አለብን ቢሉ ምን ይጎዳቸዋል?»

«የለባቸውም። የሌለባቸውን ስለት እኔ አልጽፍባቸውም።»

ጨርቁ አልተለጠፈም። ወሬው ግን ተለጠፈ። በተነሣንበት ጠዋት የመናኸሪያ ተሸካሚዎች ከበቡን። አንዱ ጮክ ብሎ «የኖኅ መርከብ ሞላች ወይ?» አለ። አዴ አየለች አንገቷን በመስኮት አውጥታ «ሞልታለች፤ ለአህያ ቦታ የለም!» አለችው። ጓደኞቹ ሳቁበት። እንዲህ ከአምቦ ወጣን።

ደብረ ማርቆስ አድረን በማግስቱ ባሕር ዳር ገባን። ሴቶቹ መንገዱን ሁሉ ውሃ ጠጡ። ታደሰ ያልኩት ቦታ ሁሉ ቆመ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ወደ ሐይቁ ወረድን። አሥራ ሁለቱም ነጭ ልብስ ለብሰዋል፤ ያላቸው የክት ልብስ እሱ ነው። ታደሰ እንደለመደው ዘንቢሎቹን፣ የዳቦውን መሶብና የውሃውን ጀሪካን የጀልባው ጣሪያ ላይ ጭኖ በገመድ ጠፈረው። እኔም ከታች ሆኜ «ግራውን አጥብቀው» እያልኩ አዘዝኩ። ካፒቴኑ ሲደርስ ጀልባው ወደ ጎን ዘንበል ብሏል።

«ምን ጉድ ነው? ማን ነው ይህን ከላይ የሰቀለው?»

«በስልክ ይወጣል ብለውኛል» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝና ድምፄን ለየው። «እርስዎ ነዎት? ጨዋታ መስሎኝ ነው እኮ፣ እማማ! ይህ ሲወዛወዝ ይደፋናል።» ሁሉንም አወረደና ወንበሮቹ ሥር አስገባ። ሴቶቹን ስድስቱን በግራ፣ ስድስቱን በቀኝ አስቀመጠ። የአውቶቡስ ቁጥር ሰጥቻቸው ነበርና ማን ከማን ጎን እንደምትሆን ጭቅጭቅ አልተነሣም። በዚያ ቀን ከዕቅዴ የሠራው ቁጥሩ ብቻ ነበር።

የት መሄድ እንደምንፈልግ ግን ካፒቴኑ አልጠየቀም። ነጭ የለበሱ አሮጊቶች ሲያይ ራሱ ወሰነ። ጥቂት እንደሄድን ከአንድ ደሴት ሥር አቆመና «ገዳሙ ይኸው። ሴት አይገባበትም፤ ወንዶች ይውረዱ» አለ።

ወንድ የምንለው ታደሰ ብቻ ነበር። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና ሳቁ።

«ታዴ፣ ሂድ እንግዲህ፤ አሥራ ሁለት ሴት ወክለህ ተሳለም» አለችው አንዷ። ምስኪን፣ ወርዶ ሄደ። እኛ ጀልባው ላይ ተቀምጠን ጠበቅነው። ብዙ አስጠብቆን ተመለሰ፤ መነኮሳቱ ቆሎ ሰጥተውታል። ይህን ሁሉ ጊዜ አዴ አየለች አልሳቀችም።

ከዚያ ነፋስ ተነሣ። ውሃው ጀልባውን በጥፊ መምታት ጀመረ። ካፒቴኑ ሞተሩን አስነሥቶ ወደ ከተማው አዞረ። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ክፉ ነው አለ። አዴ አየለች ክንዴን ያዘች።

«ወርቄ፣ ያ የምናየው ምንድን ነው?»

«ዳርቻው ነው።»

«ስለዚህ አልደረስንም።»

ከጀልባው ስንወርድ ካፒቴኑን ወደ ጎን ወስጄ ወደ መሀል ውሃ ለምን እንዳልወሰደን ጠየቅሁት። «መሀል ምን አለ? ምንም የለም እኮ» አለ። የከፈሉት ለዚያ ‹ምንም› ነው አልኩት። ነፋሱን አልተከራከርኩትም፤ ውሃውን የሚያውቀው እሱ ነው። «ነገ ጎህ ሲቀድ ውሃው ይተኛል፤ ያኔ ከመጣችሁ አደርሳችኋለሁ» አለ።

ነገ ጎህ ሲቀድ ግን እኛ ወደ አምቦ መነሣት ነበረብን። ለኦቦ ለሜሳ ደወልኩለት። እስከ ረፋድ እንደምንቆይ ነገርኩት።

«አይሆንም! እሑድ ጌዶ ሰርግ አለኝ።»

«ቅዳሜ ማታ አምቦ እንገባለን። ሰርጉ አይነካም።»

«መኪናው መታጠብ አለበት፣ ዘይት መቀየር አለበት። ሐይቁን አይተዋል አይደል? ምን ቀረ?»

«የመጡበት።»

እዚህ ላይ እርስዎ ማለቱን ተወ። «ስሚ፣ ባልኩሽ ሰዓት ካልተነሣሽ ሰኞ ቢሮ እንዳትመጪ።»

«እሺ» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁ። በኦፕሬተርነት ዘመኔ ሁሉ ከሌላው ቀድሜ ስልክ ዘግቼ አላውቅም ነበር።

ታደሰ አጠገቤ ቆሞ ሰምቷል። «እትዬ፣ እኔ ልጆች አሉኝ» አለ።

«የመኪናውን ቁልፍ ስጠኝ።»

«ምን ሊያደርጉበት?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ይደር። ሲጠይቅህ ወሰደችብኝ ትለዋለህ። ውሸት አይሆንብህም።»

ሰጠኝ። ሲሰጠኝ ትንሽ ፈገግ ያለ መሰለኝ።

በማግስቱ ውሃው እንደ ተተኮሰ ጨርቅ ተኝቶ ነበር። ሴቶቹ በቁጥራቸው ተቀመጡ፤ ዘንቢሉ ወንበር ሥር ገባ። ካፒቴኑ ደሴቶቹን አልፎ ሄደ። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች አለፉን። ከተማው ቀጠነ፣ ከዚያ ጠፋ። ካፒቴኑ ረዥም ጊዜ ነድቶ ሞተሩን አጠፋ።

ዙሪያውን አየን። ዳርቻ የለም። በስተምሥራቅ ብቻ፣ ከጉሙ በላይ፣ ተራራ እንደ ጥላ ይታያል። ካፒቴኑ ያ ቅር የሚያሰኘን መስሎት «ተራራውን እንግዲህ ምንም ላደርገው አልችልም» አለ።

«ይኑር። እሱ እኛም አገር አለ» አለች አዴ አየለች።

ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ፊት ለፊቷ ባለው ወንበር ላይ ዘረጋች። ሌሎቹም እያዩ አወለቁ። ጥቂት ቆይቶ ከመካከላቸው ወጣት የምትባለዋ ተቁነጠነጠች።

«አሁን ምን እናድርግ?»

«ምንም» አለች አዴ አየለች። «ለዚህ ነው የመጣነው።»

ማንም አልዘፈነም፤ ማንም አላለቀሰም። ሞተሩ ሲነሣ ከሴቶቹ ሁለቱ ተኝተው ነበር።

ቅዳሜ ማታ አምቦ ገባን። ቁልፉን ለኦቦ ለሜሳ በእጁ ሰጠሁት። የጌዶው ሰርግ በሰዓቱ ሄደ። ሰኞ ቢሮ ስደርስ ወንበሬ ላይ የእህቱ ልጅ ተቀምጣለች። ሎሚና ሽንት ቤት የሚገኝባቸውን ቦታዎች ነገርኳትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ወሩ ሳያልቅ የጉዞውን ወሬ የሰሙ ሦስት ሴቶች ከጌዶ ቤቴን አጠያይቀው መጡ። ቢሮ ደውለው «የውሃውን ጉዞ» ሲሉ ልጅቱ «ሰርግ ነው፣ ለቅሶ ነው ወይስ ንግሥ?» ብትላቸው ስልኩን ዘግተውባታል። ለካፒቴኑ ራሴ ደወልኩ። መኪና ከሌላ ሰው ተኮናተርኩ። በዚያ ጸደይ እንደዚያ ያለ ጉዞ ሁለት ጊዜ አወጣሁ፤ በሚቀጥለው ከዚያ በለጠ። መንገድ በሚዘጋባቸው ዓመታት ቤቴ ተቀመጥኩ፤ ሲከፈት ደግሞ ጀመርኩ።

አንድ ቀን ኦቦ ለሜሳ ደጄ መጣ። ወንበር ሰጠሁት። መኪናው ሥራ ፈቶ መቆሙን ነገረኝ።

«ለሰርግ ነው፣ ለለቅሶ ነው ወይስ ለንግሥ የምታከራየው?» አልኩት።

ጣሪያውን አየ። «ለአራተኛውም ይሆናል፣ እትዬ» አለ።

ተከራየሁት። ታደሰ እንዲነዳው ብቻ ለመንኩ።

አዴ አየለች አሁን ከቤት አትወጣም። ስጠይቃት ስለ ዘንቢሉና ስለ ጣሪያው ታነሣብኛለች፤ ስለ መሀል ውሃው አናወራም።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ፦ ደንበኛው ለምን እንደሚሄድ አንድ ጊዜ ጠይቁት። ሲነግራችሁ መልሱን አታርሙለት። ጭነትም ጀልባ ጣሪያ ላይ አትጫኑ።